ሰንዳፋ መንገድ ላይ ስለቀሩት 8 ኪሎ ሜትሮች

ውድ አንባቢዬ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ስላልጨረስኩት ሩጫ ነው። «ስለጨረስከው ብትነግረኝ አይሻልም?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ስለጨረሰው ሩጫ የሚያወራ ሰው ግን ሞልቷል፤ ቤቱ ከሄዱለት ሜዳልያውን ከነጥብጣቡ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ሰቅሎ ያሳይዎታል። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ታክሲ የጠበቀው ሰው ነው የማይገኘው፤ አፍሮ ዝም ይላላ። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ አፈርኩ፣ በቃኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ እህቴ ሮም ከገባች 19 ዓመት ሆናት። ባለፈው ክረምት ደወለችና «በመጋቢት የሮም ማራቶን አለ፣ አብረን እንሩጥ» አለችኝ። እኔ 46 ዓመቴ ነው። እስከዚያ ድረስ የማውቀው ረጅሙ ሩጫ በየኅዳሩ ከሕዝቡ ጋር እየጨፈርኩ የምጨርሰው የታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ነበር። ግን እህት ጠርታ እንዴት ይቀራል? የ16 ሳምንት ፕሮግራም ላከችልኝ፤ አሳትሜ የፍሪጁ በር ላይ ለጠፍኩት። ከሁሉ የሚያስፈራው መስመር «32 ኪሎ ሜትር» የሚለው ነው። ባለቤቴ እሱን በቀይ እስክሪብቶ አከበበችው። ስታበረታታኝ መስሎኝ ሳመሰግናት «የዚያን ቀን እንግዳ እንዳልጠራ ብዬ ነው» አለችኝ።

ቀኑ የሁዳዴ የመጀመሪያ ሳምንት ቅዳሜ ላይ ዋለ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ለገጣፎ ነበርኩ። የሰንዳፋን መንገድ ካላወቁት፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስደው አስፋልት ነው፤ ጎህ ሲቀድ የአትሌት አገር ይሆናል። ልጆቹ ተደርድረው፣ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ ያልፋሉ፤ አሰልጣኙ ከሚኒባስ መስኮት አንገቱን አውጥቶ ሰዓት ይጮህላቸዋል። እንግዲህ እዚህ ላይ ልናዘዝ። ቀለል ያለ ልምምድ ላይ የነበሩ ሁለት ልጃገረዶች አለፉኝ። እያወሩ ነው የሚሮጡት፤ ወሬያቸው ስለ ጫማ ዋጋ ነው። «እያወሩ ከሆነማ እኔም እችላለሁ» አልኩና ከኋላቸው ገባሁ። 7 ኪሎ ሜትር ተከተልኳቸው። ጫማው ስንት እንደተሸጠ ሳልሰማ ተለያየን፤ በበኩሌ ከልቤ ምት በስተቀር የሚሰማኝ ነገር አልነበረም።

16 ላይ ዞርኩ። 21 ላይ የመብራት ምሰሶ መቁጠር ጀመርኩ፤ አንዱን ምሰሶ ሮጬ፣ አንዱን ተራምጄ። 23 ላይ ጣቶቼ ተንቀጠቀጡ፤ ፊቴን ስዳስሰው እንደ አሸዋ የሚሻክር ጨው ነው። 24 ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አየሁ። ተቀመጥኩ። ትንሽ አርፌ እቀጥላለሁ እያልኩ ራሴን ማታለል እንኳ አላማረኝም።

የለገጣፎ ታክሲ መጣ። ረዳቱ ግማሽ ገላውን በበሩ አውጥቶ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ምነው ጋሼ፣ ጎማ ፈነዳ?» አለኝ። ታክሲው ሙሉ ሳቀ። ገንዘቤ ካልሲዬ ውስጥ አራት ላይ የታጠፈች 50 ብር ነበረች፤ ሳወጣት ጠብ ጠብ ትላለች። ረዳቱ በሁለት ጣቱ ጫፍ ተቀብሎ፣ እፍ እፍ ብሎ፣ ከሌሎቹ ብሮች ለይቶ ትንሿ ጣቱ ላይ ጠመጠማት። መልሴን ሲሰጠኝ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አይዞዎት፣ አትሌቶቹም ይቀመጣሉ» አለኝ። ልጁ እዚያ መንገድ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ የሚውል ነው፤ ያየውን ነው የነገረኝ።

«እና ታዲያ ምን ይሁን? አንድ ቀን ነው፣ እርሳው» ይሉኛል። ደግ ልብዎን አውቀዋለሁ፤ ለጓደኛ የሚባለውም ይኸው ነው። ግን ከረሳሁት የከፈልኩት ሁሉ በከንቱ ቀረ። 24 ኪሎ ሜትር ሮጫለሁ፣ ተስቆብኛል፣ አንድ ቅዳሜ አልፏል። ይህን ሁሉ ከፍዬ ዕቃውን ሱቅ ጥዬ ልውጣ?

ደግሞ እንርሳው ብንል እንኳ አንረሳም፤ በሌላ በኩል ዞሮ ይመጣል። እኔን ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ የነሳኝ አንድ ስሌት ነበር፦ 24 ላይ ከተቀመጥኩ፣ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትርን ምን አድርጌ ልወጣው ነው? የከሸፈ ሩጫን ሁላችንም እንዲህ ወደ ፊት ነው የምናነበው። እርስዎም ያውቁታል፤ ልጅዎ የሦስተኛ ክፍል ሒሳብ የወደቀ ዕለት ስለ ዩኒቨርሲቲ መግቢያው አላሰቡም? አይካዱ። ምክሬ አንድ ነው፤ ገጹን ወደ ኋላ ይግለጡት። እኔ በማግስቱ ደብተሬን አውጥቼ ከድንጋዩ ተነስቼ ወደ ሰኞ ተጓዝኩ።

አርብ፦ እስከ 9 ሰዓት ጾሜ፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ አንድ እንጀራ በሽሮ፤ የተኛሁት ከእኩለ ሌሊት በኋላ። ሐሙስ፦ 14 ኪሎ ሜትር፣ ጠዋት ስላልተመቸኝ በቀትር ፀሐይ፣ ሆዴ ባዶ፣ ያውም በፍጥነት፤ ከአጠገቡ «ግሩም!» ብዬ ጽፌአለሁ። ረቡዕ፦ ጎረቤት ለቅሶ ነበር፤ ድንኳን ውስጥ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት፣ አንድ እፍኝ ንፍሮ። ማክሰኞና ሰኞ ላይ የተጻፈ ነገር የለም፤ የቅበላው ሥጋ ከብዶኝ ተኝቼ ነበር መሰለኝ። ቅዳሜ ጠዋት፦ አንድ ብርጭቆ ውኃ። በቃ። ይህንን ደብተር ያለ ስም ቢያሳዩኝ «ይኼ ሰው 24 ድረስ በምን ተአምር ደረሰ?» ብዬ እጠይቅ ነበር።

ሰውነታችን ከእህል የሚያገኘውን ስንቅ በጡንቻና በጉበት ያስቀምጣል፤ ባለሙያዎቹ ግላይኮጅን ይሉታል። ጎተራው ትንሽ ነው። በደንብ በልቶ፣ በደንብ ተኝቶ የተነሳ ሰው እንኳ 30ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ሊሟጠጥበት ይችላል። ስብ በያንዳንዳችን ላይ ሞልቷል፣ የእኔማ ለአገር ይበቃል፤ ነገር ግን ስብ ሲነድ ቀስ ብሎ ነው፤ ፈጥኖ ለሚሮጥ እግር አይደርስለትም። በዚያ ላይ ሰው በፈጠነ ቁጥር ስንቁን ቶሎ ይጨርሳል። እኔ ግማሽ ጎተራ ይዤ ወጥቼ፣ እሱንም በ7 ኪሎ ሜትር ውስጥ ለሁለት ልጃገረዶች ክብር በተንኩት።

«አየህ፣ ጾሙ ነው የጎዳህ!» የሚሉኝ አሉ። ባለቤቴ ግማሽ መንገድ ከእነሱ ጋር ናት። በጾም ላይ ግን አልፈርድም። እስቲ የጾም ገበታን ይዩት፤ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች፣ ቆሎ፣ በሶ። ሯጭ ሩጫው ዋዜማ ፈልጎ የማያገኘው ምግብ እኮ ነው። የጎደለው ምግቡ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አንዴ በልቶ መተኛትና ሁለቴ በልቶ መተኛት ይለያያሉ። ከሁሉ የሚያስቀው ደግሞ ይኸውልዎት፤ በሁዳዴ ቅዳሜና እሁድ ከጥሉላት እንከለከላለን እንጂ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት የለም። ቤተ ክርስቲያን የፈቀደችልኝን ቁርስ እኔ በገዛ ሥልጣኔ ሰረዝኩት። «ባዶ ሆድ ለሩጫ ይቀላል» ብሎ የነገረኝ ማን እንደሆነ ባስታውስ ዛሬ ከእሱ ጋር ሌላ ጉዳይ ነበረኝ።

አሁን ደግሞ ጠበቅ ያለው ክርክርዎ ይመጣል፤ «ወኔ ነው ያነሰህ፤ ሰው እኮ በወኔ ነው የሚጨርሰው።» ይህን ሲሉኝ ፊትዎ ላይ ያለው ፈገግታ ይታየኛል። እውነቱን ልንገርዎ፣ ወኔዬ ሙሉ ነበር። ችግሩም እሱ ነው። ወኔ ያነሰው ሰው ልጃገረዶቹን በእጁ ሰላም ብሎ በራሱ እርምጃ ይቀጥል ነበር። 23ኛው ላይ ጣት ሲንቀጠቀጥ «ግፋ» የሚለውን ድምፅ መስማት ጀግንነት እንደሆነ ተነግሮን አድገናል፤ እኔ ግን ያን ዕለት ካደረግኳቸው ነገሮች ሁሉ ትክክለኛው ድንጋዩ ላይ መቀመጤ ይመስለኛል። ይህን ስል ትንሽ ለራሴ እያደላሁ መሆኔን አልክድም።

«ግን እኮ ሩጫ በደማችን ነው!» እዚህ ላይ ነው የምንጣላው፤ በፍቅር። እኔም እንደርስዎ ባንዲራው ሲሰቀል ያለቀስኩ ነኝ። ሆኖም «በደማችን ነው» ስንል ሳናውቀው የሯጮቹን ልፋት እንሰርቃቸዋለን። አበበ ቢቂላን ያስቡ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። እኛ ባዶ እግሩን ይዘን ቀረን፤ እንደ እረኛ ልጅ ድንገት ተነስቶ የሮጠ አስመሰልነው። ባዶ እግር መሮጡ እኮ የታሰበበት ነው፤ በልምምድ ያውቀዋል፣ ያገኘው አዲስ ጫማ ደግሞ አልተመቸውም። ከስዊድናዊው አሰልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር መንገዱን አስቀድመው አይተው ነበር። ተነጥሎ የሚወጣበትንም ቦታ መርጠዋል፦ ለመጨረሻው መስመር 2 ኪሎ ሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ያኔ ሮም ቆሞ የነበረው የአክሱም ሐውልታችን አጠገብ። ውድድሩ ራሱ ሙቀት ተፈርቶ ወደ ማታ ነው የተጀመረው። ደም ቢበቃ ኖሮ ይህ ሁሉ ምን ያደርግ ነበር?

አበበ ሲሸነፍስ? ያንን ማንም አያወራልንም። በሚያዝያ 1955 ቦስተን ላይ ከማሞ ወልዴ ጋር ሮጠ። ለረጅም ርቀት ከፊት ነበር፤ ከዚያ ኮረብታዎቹና ብርዱ ያዙት፣ 5ኛ ሆኖ ገባ። ያን ጊዜ የሮም ጀግና ነው፤ ያሳፍራል። በጥቅምት 1957 ቶኪዮ ላይ ምን እንደሆነ ግን ያውቃሉ፤ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ፣ የዓለም ክብረ ወሰን። በመሃል ቤቱ ተቀምጦ ስለ ቦስተን ምን እንዳሰበ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። እኛ ሮምንና ቶኪዮን በትምህርት ቤት ተማርን፣ ቦስተንን ዘለልናት፤ እኔ ለምሳሌ ስለ ቦስተን ያነበብኩት ድንጋዩ ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።

ስለ ደም ካነሳን ከፍታውንም እንጨርሰው። «ከፍታ ላይ ተወልደህ ከፍታ ይከብድሃል?» ይከብደኛል። ይህን የገለጠችልኝ እህቴ ናት። ደውዬ አለቀስኩባት፤ እሷ ደግሞ «በስንት ነበር የሮጥከው?» አለችኝ። ፍሪጁ ላይ እንዳለው ነዋ፣ ኪሎ ሜትሩን በ5 ደቂቃ ከ40፣ ልጃገረዶቹን ሳንቆጥር። ዝም አለች። ከዚያ «አንተ፣ ፕሮግራሙ እኮ የሮም ነው! እዚህ ባሕሩ ጎናችን ነው» አለችኝ። ሰንዳፋ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ አንድ ትንፋሽ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። እዚህ መወለድ ይረዳል እንጂ አየሩን አያወፍረውም። እዚያ መንገድ ላይ ያሉት ፕሮፌሽናሎች ራሳቸው ረጅም ሩጫቸውን ለአውሮፓ ውድድር ባቀዱት ሰዓት አይሮጡትም፤ እኔ ግን ከፍሪጅ በር የተቀዳ ፍጥነት ይዤ ላሳያቸው ወጣሁ።

«እሺ፣ ታዲያ ያጎደልከውን በማግስቱ አታካክሰውም?» አይ አንባቢዬ፣ እንዴት አወቁብኝ! እሁድ ጠዋት ጫማዬን እያሰርኩ ባለቤቴ አየችኝ።

«ወዴት ነው?»

«8 ኪሎ ሜትር ዕዳ አለብኝ፣ ልክፈል።»

«ለማን?»

መልስ አልነበረኝም፤ መልስ የሌለው ወንድ እንደሚያደርገው በሩን ከፍቼ ወጣሁ። 3ኛው ኪሎ ሜትር ላይ የቀኝ ባቴ እንደ ገመድ ተቋጠረ። አራት ቀን አነከስኩ፤ ቢሮ ውስጥ ደረጃ ስወርድ ወደ ጎን ነበር የምወርደው፣ እንደ ሸርጣን። የቅዳሜው ሩጫ አንድ ቀን ነው ያስከፈለኝ፤ የእሁዱ «ካሳ» ሳምንት በላ። ካሳ የሚባለው ነገር ለሽምግልና ጥሩ ነው፤ እግር ግን ሽማግሌ አይሰማም።

ከዚያ ወዲህ ያደረግኩት ብዙ አይደለም፤ ትልቅ ነገር ከጠበቁ ይቅርታ። ፍሪጁ ላይ ያለውን 5 ደቂቃ ከ40 ሰርዤ 6 ከ20 ጻፍኩበት፤ ለመሰረዝ እጄ እምቢ ብሎ ነበር፣ ሰው ቁጥር ይወዳል። አርብ ማታ ሁለቴ እበላለሁ፦ 9 ሰዓት ላይ አንዴ፣ ከመተኛቴ በፊት ትንሽ ድንች ወይም ዳቦ። የሐሙስን ሩጫ ወደ ማክሰኞ አዛውሬ ቀለል አደረግኩት። ባለፈው ቅዳሜ 18 ኪሎ ሜትር ሮጬ፣ 18 ላይ አቆምኩ፤ ጉልበት ተርፎኝ ሳለ ማቆም ከድንጋዩ ይልቅ ከበደኝ። እነዚያ ሁለት ልጃገረዶች ደግመው አለፉኝ። አንዷ አዲስ ጫማ አድርጋለች። እጄን አንስቼ ሰላም አልኳቸው፣ ሰላም አሉኝ፣ ሄዱ።

32ን እስካሁን አልሮጥኩትም፤ ከሮም በፊትም ላልሮጠው እችላለሁ። እህቴ 28 ይበቃል ትላለች፤ እኔ 30 እላለሁ፤ እየተከራከርን ነው።

እስከዚያው ግን 28ቱ የፊታችን ቅዳሜ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ለገጣፎ፣ ወደ ሰንዳፋ የሚወጣው ታክሲ የሚሰለፍበት ጋ እቆማለሁ፤ ግራ እጄ ላይ የበሶ ጠርሙስ ያያሉ። 28ቱንም ይሩጡ አልልዎትም፤ 3 ኪሎ ሜትር አብረውኝ ወክ ቢያደርጉም ደስታዬ ነው። ብቻ ቁርስ ሳይበሉ እንዳይመጡብኝ፤ ለታክሲም 50 ብር ይያዙ፣ ካልሲዎ ውስጥ ግን አይሁን።

አክባሪ ወንድምዎ